ማማው ምን አለሽ?

ማክሰኞ 4

አልፈረመልኝም።

ሐሙስ 6

ማክሰኞ ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ግን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ሆዴ ውስጥ ይሻግታል።

የእኛ የበረራ ትምህርት ቤት ሜዳ ማማ የለውም። አንድ የአፈር ማኮብኮቢያ፣ አንድ የንፋስ ከረጢት፣ አውሮፕላኖቹ የሚያድሩበት የቆርቆሮ መጠለያ፣ በቃ። የሚነሳውም የሚያርፈውም በሬዲዮ «እዚህ ነኝ» ይላል፤ የሰማ ይጠነቀቃል። ከከተማው ዳር ያለው ትልቁ ማረፊያ ግን ማማ አለው። እዚያ ማማው ሳይፈቅድ ጎማ አይንቀሳቀስም። ማማው የተናገረውን ትዕዛዝ ደግሞ አብራሪው ቃል በቃል መልሶ መድገም አለበት፣ መስማማታቸው እንዲታወቅ። ሰልጣኝ ብቻውን እዚያ እንዲገባ አስተማሪው አሠልጥኖት፣ «ይችላል» ብሎ በበረራ መዝገቡ ላይ መፈረም አለበት። ፊርማው ከሌለ በአካባቢውም ማለፍ የለም።

መድኃኒት አመላላሹ ኩባንያ ክረምቱ ሳያልቅ ከእኛ መሃል አንድ ሰው ይቀጥራል። አንድ ብቻ። የሚያየውም ብቻውን ማማ ያለበት ማረፊያ ገብቶ የወጣውን ነው። ይህን ሥራ ካጣሁ እንደገና የእህቴ ስፌት ቤት ቁልፍ ተካይ መሆኔ ነው።

እና ማክሰኞ ከኩርፊያ ጋር ሄድን። ኩርፊያ አስተማሪዬ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ፊቱን ያየ አይጠይቅም። የማማውን ንግግር በትንሿ የእጅ ሬዲዮ ወራት ሙሉ ሰምቼ አጥንቼዋለሁ። ተቆጣጣሪው ሲጀምር መጨረሻውን አውቀዋለሁ። አርባ ሁለት የአውሮፕላናችን መጠሪያ ቁጥር ነው። «አርባ ሁለት፣ አጭሩን ያቋርጡ፣ እስከ ረጅሙ ጫፍ ይቀጥሉ» ሲል ትንፋሹን ሳይሰበስብ መልሼለታለሁ። ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉ፣ አጭሩና ረጅሙ፤ ሁልጊዜም የሚነሱት ከረጅሙ ነው። አንድ ቃል አልተሳሳትኩም።

ኩርፊያ ሞተሩን አጠፋና፣ «ማማው ምን አለሽ?» አለኝ።

የመለስኩትን ነገርኩት።

«እሱ አንቺ ያልሽው ነው። እሱ ምን አለሽ?»

«ያው ነው እኮ ካፒቴን።»

መዝገቤን ዘጋው። «ገና ነሽ» አለኝ። ይሄ አልበቃው ብሎ ሻይ ክፍል ውስጥ፣ በመካኒኮቹ ፊት፣ «ይቺ ልጅ ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም» አለ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ሬዲዮ ሆኗል።

ያን ዕለት ከሰዓት ለማን እንደፈረመ ልጻፍ? ለቄንጠኛው። ደመናም ቢሆን ጥቁር መነጽሩን ለማያወልቀው ልጅ። በአንድ በረራ ማማውን ሁለት ጊዜ «ይድገሙልኝ» ያለውን። እኔ ብሆን አፍሬ መሬት ውስጥ እገባ ነበር።

ኩርፊያ ይከፍላታል። በምን እንደሆነ ገና አላወቅኩም እንጂ ይከፍላታል።

እሑድ 9

እህቴ ቀኑን ሙሉ መርፌ ክር አስገቢልኝ ስትለኝ ዋለች። እኔ ለኩርፊያ የምለውን በልቤ እየደረደርኩ፣ እሷ «ክሩን»። ራሷ ልብስ ሰፊ ሆና! ስንፍና ነው አልኳት። ሳቀች።

«ስሚ፣ ባለፈው ሐኪሙ ጋ ሄጄ...»

«አውቃለሁ፣ የደም ማነስ። ጎመን ብይ።»

«ሳልጨርስ አትመልሺልኝ» አለችኝ፤ ከዚያ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች።

ሰኞ 10

ምክንያት ተገኘ! የኩርፊያ አሮጌ መኪና ባለፈው ወር ቆማ ነበር። አሁን ትሄዳለች። የቄንጠኛው አባት ጋራዥ አለው። ቄንጠኛው ፊርማ አለው።

እኔ ምንም አልዋሸሁም። ለጸሐፊዋ፣ «መኪናዋን ማን ሠራለት ይሆን?» ብቻ ነው ያልኳት። ጥያቄ ነው። ሰው መጠየቅ አይችልም?

ቅዳሜ 15

ጥያቄዬ እግር አወጣ። ዛሬ አንዱ መካኒክ ለእኔው መልሶ ነገረኝ፤ በአዲስ ሞተር አሳድጎት። «ኧረ?» አልኩት፣ ዓይኔን አፍጥጬ።

ቄንጠኛው ግን ሻይ ክፍል ውስጥ አስቆመኝና መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑን ገና ዛሬ አየሁት። «አንቺ ነሽ አይደል? አባቴ እኮ የዚያን ሰውዬ መኪና በዓይኑም አላየ» አለኝ። ምን እንደምመልስለት አስቀድሜ ተዘጋጅቼ ነበርና ሳይጨርስ አጣጣልኩት። የሚመጣ ነገር ሲታወቀኝ ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ 18

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ እስኪጣራ አዳዲስ ሰልጣኞችን ከኩርፊያ ላይ ወሰደ!

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጠዋት ከመጠለያው በር አየሁት፤ የአውሮፕላኑን መስታወት ብቻውን በጨርቅ ያብሳል። ቀና ብሎ «እንዴት አደርሽ» አለኝ። አልመለስኩለትም። የሚያምር ጠዋት ነበር።

ዓርብ 21

እህቴ የሰማያዊ ቀሚስ ጠርዝ በጥቁር ክር ሰፍታ ደንበኛዋ ተቆጣቻት። እቤት ስገባ ልብሱን እየተረተረች ነው። እኔም የኩርፊያን ነገር እያጫወትኳት ስስቅ እጇን አቆመች።

«ሰውዬው የሚበላው ከዚያው ሥራ ነው አይደል?»

«የራሱ ጉዳይ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ።

«እኔ መች ጸለይኩ?» አልኳት። ሳቋ መጣ፣ ግን ዋጠችው። ተረቱን ከየት እንደምታመጣው እንጃ፤ ከሰሞኑ ሁሉ ነገር ላይ ተረት ሆናለች። «ደግሞ እኔ ልነግርሽ የፈለግኩት...» ስትል ስልኬ ጠራ።

የደወለው አባ ፈርሜ ነበር! ከኮረብታው ማዶ ባለው ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ነው። ሰልጣኞች ናቸው ስሙን ያወጡለት፤ የሰማ ሁሉ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። እንዲያሠለጥነኝ ጠይቄው ነበርና ሰኞ ነይ አለኝ።

ሰኞ 24

አባ ፈርሜ ኪሱ ሙሉ ኦቾሎኒ ነው። ሲበርም ይቆረጥማል። «ያስተማረሽ ሰው ለምን አልፈረመም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አስተማሪዬ ታግዷል» አልኩት። ውሸት ነው? አይደለም። መጀመሪያ «ገና ነሽ» እንዳለኝ አልጠየቀኝም፤ ያልተጠየቅኩትን ለምን እናገራለሁ?

አብረን ማማው ጋ ሄድን፣ አረፍን፣ ተነሳን፣ ደገምን። ተቆጣጣሪው እንደ ሁልጊዜው ተናገረ፣ እኔም እንደ ሁልጊዜው መለስኩ። «አንቺማ ከእኔ ትበልጫለሽ» አለና በኦቾሎኒ ልጣጭ መሃል ፈረመ።

ፊርማዋን እየደጋገምኩ አየኋት። ጠማማ ናት። ግን ፊርማ ናት። ኩርፊያ ፊት የምከፍትበትን ቀን እስካይ እንቅልፍ የለኝም። ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ማን ፈረመልሽ?» ይላል። «ጆሮ ያለው ሰው» እለዋለሁ። ፊቱ ይቀላል። ሻይ ክፍሉ ሙሉ ሰው ይኖራል።

ረቡዕ 3

ጠዋት። ልሄድ ነው። ብቻዬን። ንፋሱ ዞሯል፣ ግን ደካማ ነው። ሸሚዜን እህቴ ተኮሰችልኝ፤ ኮሌታው ላይ ትንሽ አቃጥላዋለች። ምንም አይደል።

ማታ።

ገባሁ፣ አረፍኩ፣ ተነሳሁ፣ ተመለስኩ። ማንም አጠገቤ ሳይኖር። ኩባንያው ከእንግዲህ ስሜን ያያል።

አንድ ነገር አለ። ትንሽ ነገር ነው።

ልመለስ ስል ከመቆሚያው ተነስቼ ማማውን ጠራሁ። ሬዲዮው ዛሬ ገበያ ነበር፤ አንዱ ሲጨርስ አንዱ ይገባል። ተቆጣጣሪው «አርባ ሁለት፣» ብሎ ጀመረ፤ እኔም የንግግር ቁልፉን እንደለቀቀ «አጭሩን አቋርጬ እስከ ረጅሙ ጫፍ፣ አርባ ሁለት» አልኩ። ወዲያው ሌላ ሰው ገባበት። ተቆጣጣሪው አላረመኝም። ብሳሳት ኖሮ ማረም ሥራው ነው። ሥራው ነው!

አጭሩን ማኮብኮቢያ አጋማሽ ላይ ሳለሁ በግራ መስኮት መብራት አየሁ። አውሮፕላን። ወደ እኔ እየወረደ። ለካ ንፋሱ ስለዞረ ዛሬ የሚያርፉት በአጭሩ ላይ ነው። እግሬ ፔዳሉ ላይ ደረቀ። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ የሻይ ሂሳብ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ሃያ ዘጠኝ፣ ማረፌን ትቻለሁ፣ እየወጣሁ ነው» አለ።

ኩርፊያ ነበር። አውሮፕላኑን ከጥገና በኋላ እየሞከረ። በላዬ አለፈ። የጎማዎቹን ጭቃ አየሁት።

ያ ነው። ሩቅ ነበር። እንዲያውም ቶሎ ነው የወጣው፤ ቢቀጥልም እደርስ ነበር። ይመስለኛል።



ዓርብ 5

ሊከሰኝ ነው። ይኸው እግዜር በእጁ ጣለኝ። ቄንጠኛው ሥራውን ይወስዳል፣ ኩርፊያ ሰልጣኞቹን ያገኛል፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ።

ግን ዝም ብዬ አልታረድም። መልሴን አዘጋጅቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ «ለምን አቋረጥሽ?» ሲል፣ «ማማው ስላላረመኝ»። «ካፒቴኑ አይቶሻል» ሲል፣ «እሱ ቂመኛ ነው፣ ሩቅ ነበር፣ አጋኖ ነው»። «ማን ፈረመልሽ?» ሲል፣ «ፊርማው ሕጋዊ ነው»። መስታወት ፊት ቆሜ ደጋግሜዋለሁ። እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» አለችኝ።

ቅዳሜ 6

ኩርፊያን ነዳጅ መቅጃው ጋ አገኘሁት። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ደህና ነሽ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ።»

ትንሽ ጠበቀ። የሆነ ነገር እንድናገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ባልዲውን አንስቶ ሄደ።

ምን እያሰበ ነው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ሊያስፈራራኝ ነው፤ ቀስ ብሎ ሊያበስለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የሚጮህ ሰው ይመለስለታል።

ማክሰኞ 9

አልከሰሰኝም። ለምን?

ሻይ ክፍል ውስጥ እንደ ወትሮው ጥግ ተቀምጦ ስኳሩን ሲያማስል አየሁት። ማንም አጠገቡ አይቀመጥም አሁን፤ በእኔ ጥያቄ ምክንያት ማለት ነው። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እህቴ «ነገ ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ትመጪያለሽ?» አለችኝ። ነገ ሳይሆን ሌላ ቀን አልኳት። ጭንቅላቴ ሙሉ ነው።

ሐሙስ 11

ጸሐፊዋ መጥታ «ሥራ አስኪያጁ ይፈልጉሻል» አለችኝ።

በኮሪደሩ ሁሉንም መልሶቼን አንድ ጊዜ ደገምኳቸው። ገባሁ። ወንበር አሳየኝ። ከሰው ይልቅ ለጠረጴዛው የሚሳሳ ሰው ነው፤ እስክሪብቶዎቹን በመስመር ደርድሯቸዋል።

«የጠራሁሽ ስለ አስተማሪሽ ነው» አለ። «አንቺ እውነቱን ታውቂያለሽ ተብሎ...»

«እኔ ያቋረጥኩት ማማው ስላላረመኝ ነው» አልኩት። «ብሳሳት ያርመኝ ነበር። ደግሞ እሱ ሩቅ ነበር። ማረፉን የተወው ሆን ብሎ እኔን ለማስወንጀል ነው። ፊርማዬ ሕጋዊ ነው፤ እሱ ባይፈርምልኝ ሌላ ሰው ፈርሞልኛል!»

የሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶ ቆመ።

«የምን ማቋረጥ?»

የደረደራቸውን እስክሪብቶዎች አየሁ።

«እኔ ልጠይቅሽ የነበረው ስለ መኪናው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ወሬው የመጣው ከአንቺ ነው ስለተባለ። የምን ማኮብኮቢያ ነው ያቋረጥሽው?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ታወቀኝ። ቃል በቃል ከአፌ ሲወጣ ታወቀኝ። ማንም አልከሰሰኝም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ምንም አያውቅም ነበር። ራሴ ደረደርኩለት፣ ወራት እንዳጠናሁት ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳልሳሳት።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። የመኪናውንም። «አይተሻል?» ሲለኝ፣ «አላየሁም። ያወራሁት እኔ ነኝ» አልኩት። እንደዚህ ያለ አጭር መልስ መልሼ አላውቅም።

ኩርፊያ ተጠራ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ካፒቴን፣ ይሄን ነገር ለምን አልነገሩኝም?»

«እስከ ነገ ልጠብቃት ነበር» አለ ኩርፊያ። «ራሷ መጥታ ከተናገረች አብራሪ ትሆናለች ብዬ። ካልመጣች ነገ እኔ እመጣ ነበር።»

ስለ መኪናው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሁሉን እንደሚያውቅ ግን ፊቱ ላይ አየሁ። ሊበቀለኝ ይችል ነበር። በሩ ተከፍቶለት ነበር። እኔ ብሆን በሩጫ እገባ ነበር።

ወደ እኔ ዞረ። «ያን ዕለት ማማው ምን አለሽ?»

አፌን ከፈትኩ። መልሴ ምላሴ ላይ ነበር፤ አጭሩን አቋርጬ፣ እስከ ረጅሙ ጫፍ። የእሱን ቃል ግን ፈለግኩት፣ ፈለግኩት፣ የለም። «አርባ ሁለት» የሚለውን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ራሴን ብቻ ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

«'ከአጭሩ በፊት ይቁሙ' ነው ያለሽ» አለ። «ሰውዬውም ሬዲዮው ስለተጨናነቀበት መልስሽን አልሰማም። ሁለታችሁም አልሰማችሁም።» ኮፍያውን አዞረው። «ያን ማክሰኞ 'አላውቅም' ብትይኝ ኖሮ እፈርምልሽ ነበር። ለዚያ ልጅ የፈረምኩለት ለምን ይመስልሻል? ሁለት ጊዜ 'ይድገሙልኝ' ስላለ ነው። ያልሰማውን የሚያውቅ ሰው ማንንም አይገድልም።»

ሰኞ 15

የአባ ፈርሜ ፊርማ ተሰረዘ። ነገሩ ለአየር ተቆጣጣሪዎቹም ተነገረ። ይህን ክረምት ብቻዬን አልበርም። ኩባንያው ቄንጠኛውን ወሰደ። ሊሰናበተኝ መጥቶ መነጽሩን አወለቀ፤ አባቱ እንዳልሰደበኝ፣ እንደሳቀ ነገረኝ። ይሄኛው ከስድብ ባሰኝ።

ሻይ ክፍል ውስጥ፣ መካኒኮቹ ሁሉ ባሉበት፣ የመኪናውን ወሬ የፈጠርኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። አንዱ ማንኪያውን ጣለ። ኩርፊያ ስኳሩን ማማሰሉን አላቆመም። ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አላየኝም። ግን ስኳሩን ገፋ አደረገልኝ።

እሑድ 28

ዛሬ ከኩርፊያ ጋር ማማው ጋ ሄድን። አዲስ ሰልጣኞቹ ተመልሰውለታል፤ እኔን በትርፍ ሰዓቱ ነው የሚወስደኝ።

ተቆጣጣሪው ጠራን። እሱ ሲናገር ሌላ ሰው ገባበት፣ ድምፁ ተቆራረጠ። መልሴ እንደ ወትሮው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ምላሴ ጥርሴን ሲገፋው ተሰማኝ። ዋጥኩት።

«ይድገሙልኝ» አልኩ።

ደገመልኝ። ያዘጋጀሁት አልነበረም።

ኩርፊያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር። ስናርፍ ሞተሩን አጥፍቶ ማማው ምን እንዳለኝ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። መዝገቤን ሳይከፍት ወረደ። «ሐሙስም እንመጣለን» አለ። ስለዚያ «ሬዲዮ» ስላለኝ ቀን አሁንም ይቅር አላልኩትም፤ ይህን ደብተሬ ይወቅልኝ።

ቤት ስደርስ እህቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መርፌና ክር ይዛ አገኘኋት። ክሩ መርፌውን አልፎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ አልፎ ይሄዳል። ጥቁሩን ክር አሰብኩ። የተቃጠለውን ኮሌታ። ሐኪሙን። ደብተሬን መልሼ አነበብኩት፤ ሁሉም እዚሁ ተጽፏል፣ በራሴ እጅ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ሐኪሙ ምን አለሽ?» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ፤ እስክመልስላት የምትጠብቅ ይመስል። አልመለስኩም። ስለ ዓይኗ ጀመረች። ረጅም ነበር። በመሃል ሁለት ጊዜ አፌ ተከፈተ፣ ሁለቴም ዘጋሁት። ስትጨርስ መርፌውን ከእጇ ወሰድኩ።

የሰማሁ መሰለኝ። ግን እርግጠኛ መሆን ፈለግኩ።

«ድገሚልኝ» አልኳት።